የገመቹን ሙሾ ከመጽሐፌ ያወጣሁበት ምክንያት

ይድረስ ለእማዬ፣

ካለሽበት ፖስታ እንደማይደርስ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ሳልነግርሽ ማደር ያልቻልኩት ነገር ስላለ ልጻፍልሽ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሞላን። እኔም፣ ምራትሽ አስካለም፣ ጎረቤቱም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የቤቱ ሣር ወርዶ ቆርቆሮ ለብሷል። አስካለ ቆርቆሮ ቤት በመባሉ ደስ ብሏታል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አንድ መደብ ላይ ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም፣ የአሰላን ዝናብ ደግሞ ታውቂዋለሽ። አንቺ በሄድሽ በሰባተኛው ወር ሴት ልጅ ተወልዳልን ዛሬ እየሮጠች የተከልሽውን ጌሾ ትነጭብናለች። ወደ ናዝሬት የሚወስደው መንገድ ጠጠር ስለተነጠፈበት መኪናው ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። ትምህርት ቤቱ እንደ ድሮው ነው። አሁንም አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ አሁንም ጠመኔ ያጥረናል።

ትልቁ ወሬ መጽሐፍ መጻፌ ነው። ልቦለድ ይሉታል። ያልነበረን ሰው እንደነበረ አድርጎ መተረክ ነው። አንቺ ብትሰሚ «ታዲያ ተረት ነዋ፤ ይኼን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት ያበላሸኸው?» ትዪኝ ነበር። እውነትሽን ነው። የመጽሐፉ ሰው ዳኛቸው ይባላል። ከገጠር ወጥቶ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ይቀጠርና ጥቂት ደልቶት፣ ብዙ ተንገላቶ፣ በመጨረሻ ታሞ ይሞታል።

አብሮኝ የሚያስተምር አንድ አዲስ አበባ የተማረ ሰው ጥቂቱን አንብቦ ተረት ተረት ይሸታል፣ የዘመኑ ልቦለድ እንዲህ አይደለም አለኝ። እኔ ምን ላድርግ፤ አተራረክ የተማርኩት ካንቺ ነው። ትዝ ይልሻል፣ በተረትሽ ውስጥ ያለው ሞኝ ሰውዬ ሁልጊዜ የጢቾ ሰው ነበር። ከጢቾ እንግዳ የመጣ ቀን ግን ሞኙ ዓይንሽን ሳታሺ የጎበሳ ሰው ይሆናል። አንድ ጊዜ የጢቾውም የጎበሳውም ባንድ ቀን ሲመጡብሽ «ከሩቅ አገር የመጣ» አልሽና ተገላገልሽ። እንግዶቹም ስቀው ሄዱ። ተረት ስሙንም አገሩንም እንደ እንግዳው ይለዋውጣል፣ ማንም አይቀየምበትም። እኔም መጽሐፌን እንዲሁ ሠራሁት። ያንቺን ጅብ የመሥሪያ ቤት ሹም፣ ያንቺን ጦጣ ጠጅ ሻጭ አደረግኋቸው። ያ የተማረ ጓደኛዬ እንኳ ሹሙን ሲያነብ «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

ጥፋቴም ከዚሁ የመጣ ነው። ሙሾም እንደ ተረት መሰለኝ።

ጎረቤት ሁሉ ሞት ሲደርስበት የሚያስጠራው አንቺን ነበር፤ አልቃሽ ነበርሽና። ካለቀስሽላቸው ሁሉ ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሣው የገመቹን ነው። ገመቹ የጎረቤታችን የእትዬ ጫልቱ አንድ ልጅ፣ በበቅሎ ጨው ጭኖ በየገበያው የሚዞር፣ በቅሎውን በአለንጋ ሳይሆን በፉጨት የሚነዳ ልጅ ነበር። በነሐሴ የከታር ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። ባወጣሽለት ሙሾ ውስጥ በቅሎዋ ብቻዋን ወጥታ ወንዙ ዳር ቆማ ፉጨቱን ትጠብቃለች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ነበር ያልሽው፤ ስንኙ ሁሉ የሚያርፈውም እትዬ ጫልቱ ይጮኹ በነበረው በ«ኢልማ ኪያ» ላይ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ለቅሶ ቤት ስሄድ ግንባሬን ቋጥሬ በር ላይ የምቆመው እኔ እንኳ ያን ቀን አለቀስኩ።

ዳኛቸው ሲሞት የምጽፈው ጠፋኝ። ብዙ ቀን ተቸገርኩና የገመቹን ሙሾ እንዳለ አነሣሁት። ገመቹ ያለበትን ሁሉ ዳኛቸው አልኩት። «ኢልማ ኪያ» የምትለውን የአዲስ አበባ አንባቢ አይገባውም ብዬ «ልጄ» አልኳት። ችግሩ ዳኛቸው የቢሮ ሰው ነው፣ በቅሎ የለውም። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሼ በቅሎ ገዛሁለት። ያች በቅሎ በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ሥራ የላትም፣ ሙሾው እስኪደርስ ትጠብቃለች። ወንዙንም አውጥቼ የሆስፒታል በር ላይ አቆምኳት። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጽሑፉን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱን ጠርቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። አስካለ ጠላ ቀዳች። ሙሾው ጋ ስደርስ እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና ወጡ። የልጅሽን ሞኝነት እይልኝ፤ ደስ አለኝ። ጽሑፌ አንጀታቸውን በልቷቸው ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሱኝ። በሕመምሽ ጊዜ ካጠገብሽ ያልተለዩት እትዬ ጫልቱ፣ በር ለበር ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ጀመር። እኔ ሳድበሰብስ ሳምንት አለፈ። በኋላ አስካለ «ሄደህ ጠይቃቸው እንጂ፣ አፍ የለህም?» ብላ ስትቆጣኝ ሄድኩ።

ተቀመጥ አላሉኝም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ያ ያንተ ሰውዬ፣ እናቱ ማን ትባላለች?» ብለው ነው። አላውቅም፤ ስም አላወጣሁላትም ነበር። ከዚያ ያሉኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ኢልማ ኪያ ያልኩት እኔ ነኝ። እናትህ ከእኔ አፍ ነው የወሰደችው፣ ጠይቃኝ ነው የወሰደችው። አንተ ሳትጠይቅ ወስደህ ለማታውቀው ሰው ሰጠኸው። ተረቱን ያሻህን አድርገው፣ ተረት የሁሉም ነው። ለቅሶ ግን እንደ መግነዝ ነው፤ ካንዱ ፈትተህ ሌላውን አትገንዝበትም። አሁን ልጄ ያለ ለቅሶ ቀረ።»

ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ይቅር አላሉኝም።

ጽሑፉን ሐሙስ አንድ ሾፌር ሊወስድልኝ ተቀጣጥረን ነበር። እስከዚያ ድረስ ምን ምን እንዳሰብኩ ላንቺ አልደብቅም። እትዬ ጫልቱ ማንበብ አይችሉም። መጽሐፉ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው። እሳቸው ዳግመኛ የሚሰሙት ከየት ነው? ከዚያ ገጽ የተሻለ ገጽ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እሱም የእኔ ሳይሆን ያንቺ ነው። ያለ እሱ የዳኛቸው ሞት ሞት አይመስልም። እንዲህ እያልኩ ስገላበጥ ሐሙስ ደረሰ። ሾፌሩ በራችን ላይ ቆሞ ጡሩንባ ነፋ፤ ገና አላለቀም አልኩትና ባዶ እጁን ሄደ። ወዲያው ያን ገጽ አውጥቼ እሳት ውስጥ ጨመርኩት፤ ኋላ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ፈርቼ ነው።

በምትኩ የራሴን ግጥም ልጽፍ ተቀመጥኩ። ከብዙ ላብ በኋላ የወጣው ይህ ነው፦

ዳኛቸው ዳኛቸው የወጣት አበባ፣
አገር አለቀሰ አፈሰሰ እንባ።

ለአስካለ ሳነብላት «የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል» አለችኝ። ምራትሽ እንደምታውቂያት ናት፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ያን ጊዜ ነው የአንቺ አሠራር ትዝ ያለኝ። ለቅሶ ቤት ስትደርሺ ወዲያው አትጀምሪም ነበር። ለሟቹ ቅርብ የሆነችውን ሴት ጥግ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ትጠይቂያት ነበር። ደግነቱን አትጠይቂም፤ እሱንማ ሁሉም ይናገራል። ምን ይበላ እንደነበር፣ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ፣ ቤት ሲገባ አስቀድሞ ማንን እንደሚጠራ ነበር የምትጠይቂው። የገመቹን ፉጨትም ያገኘሽው እንዲሁ ጠይቀሽ ነው። «ሰውየውን ሳላውቀው ምን ብዬ አለቅስለታለሁ?» ትዪ ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ የሴት ወሬ አድርጌ ነበር የማየው።

ዳኛቸውን ባንቺ ጥያቄ ጠየቅሁት። አንዱንም አልመለሰልኝም። ደመወዙን አውቃለሁ፣ የቢሮውን ወንበር አውቃለሁ፤ እቤቱ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ የጻፍኩለትን ሰው አላውቀውም ነበር። በቅሎዋን አባረርኩና ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩ። ክረምቱ በዚሁ አለቀ። እናቱ ስም አገኘች፣ ሽታዬ ትባላለች። ዳኛቸው ከመሥሪያ ቤት ሲገባ ሳይቀመጥ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ከድስቱ አፍ የሚበላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሲሞትም ሽታዬ የምትለው ሁለት ስንኝ ስለ ባርኔጣው ነው። ካንቺ ጋር አይወዳደርም፤ የራሱ ግን ነው።

በመስከረም ይህን ልነግራቸው ወደ እትዬ ጫልቱ ሄድኩ። ገጹን ማቃጠሌን፣ የገመቹ ሙሾ የገመቹ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ያን ቀን ተቀመጥ አሉኝ። ከዚያ «ያኔ ለእናትህም ሙሾ ነበረኝ። ዝም በሉ አልከን» አሉኝ።

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። የተቀበርሽ ቀን ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጥተው ነበር። የትምህርት ቤቱ ሰዎችም ክራቫታቸውን አስረው መጥተዋል። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ የተማሩትን ሰዎች ፈራሁ። «እናቴ በጸሎት ብቻ ትቀበር፣ ሙሾ ይቅር» ብዬ ሴቶቹን ዝም አሰኘኋቸው። ለአገሩ ሁሉ ያለቀስሽ አንቺ፣ አንድ ሰው ሳያለቅስልሽ አፈር ገባሽ። በዕድሜዬ ሙሉ በሥራሽ አፍሬ ነበር። አንቺ ስታልፊ ደግሞ ያን ያፈርኩበትን ሥራ አንሥቼ በራሴ ስም ላሳትመው ነበር። ከዚህ የባሰ ነውር አላውቅም። ይቅር በይኝ።

እትዬ ጫልቱን አሁን እንዲሉልሽ ለመንኳቸው። እሳቸው አልቃሽ አይደሉም፣ ታውቂያለሽ፤ ግን ስንት ዓመት አጠገብሽ ሆነው ሙሾሽን ሲቀበሉ ኖረዋል። ግጥሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ልባቸው ውስጥ እንዳለ፣ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ እንደሆነ፣ እሱንም ከእኔ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ ነገሩኝ። ከዚያ እንደ አንቺ ጥግ ያዙኝና «ብቻችሁን ስትሆኑ ምን ብላ ነበር የምትጠራህ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ካንቺ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ የለም፤ ከአፌ ሳወጣው ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው፣ አስካለና እኔ መቃብርሽ ጋ ሄድን። እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና አሉት። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው። ቄሱ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩንና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ ድገሙት አልኳቸው፣ ደገሙት። አስካለ እንኳ፣ ያች ደረቅ፣ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች።

መጽሐፉን ባለፈው ሳምንት ላክሁት። ይታተም አይታተም አላውቅም፤ ባይታተምም እንደገና እጽፋለሁ። ሙሾሽን ግን በመጽሐፍ አላስገባውም፣ እዚህም አልጽፈውም። ይህን ደብዳቤ ሰው ሊያነበው ይችላል፤ ያነበበውም እንደ እኔ ቃሉን ወድዶ ስምሽን አውጥቶ የሌላ ሰው ስም ሊያስገባበት ይችላል። ሰው የሚጽፈው የሚረሳውን ነው። እትዬ ጫልቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያሉልኝ፤ አንድም ቃል አልጠፋኝም፣ ካንቺ ዘንድ እስክመጣ ድረስም አይጠፋኝም።

ልጅሽ ግርማ
ከአሰላ