የሻምበል ኪሎ

ጥቅምት 4

ዛሬ የአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት መስኮት ስለካ ዋልኩ። መጋረጃው ነጭ ይሁንልኝ አለ ሐኪሙ። "ለጥርስ ቤት ነጭ? ደሙስ?" ብዬ ብጠይቀው ሰውዬው ራሱ ነጭ ሆነ። አለቃዬ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። እኔ ምን አጠፋሁ? ጠየቅሁ እንጂ...

ማታ ስገባ አባዬ መስኮቱ ጋ። አስቀምጬለት የሄድኩት ምሳ እንዳለ።

"በላህ?"

"በላሁ።"

"ምኑን?"

"የበላሁትን።"

ውሸታም ሽማግሌ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲሁ ነው። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ... ወይ ፍንክች። ሱሪዎቹን ሁለቴ አጠበብኩለት። ሦስተኛ ካጠበብኩ የኋላ ኪሶቹ ሊጋጠሙ ነው።

እኔም እቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ጎራረስኩ። ለአንድ ሰው ብሎ ጠረጴዛ ማን ያሰናዳል?

የአባዬን ምሳ የሚጨርሰው ሻምበል ነው። የእማዬ ውሻ። ፀጉሩ ብዙ፣ ከፀጉሩ ስር ያለው ደግሞ የባሰ ብዙ። ድመቷ እሜቴ ናት። እኛ አሳደግናት፤ እሷ ግን እኛን ያሳደገች ይመስላታል።

ጥቅምት 6

የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። ሻምበል የኋላ እግሩን እየጎተተ ስለሆነ ነው የጠራኋት።

"ምንድነው የሚበላው?" አለች።

"ሰው የሚበላውን" አለ አባዬ።

"እሱማ ያስታውቃል።"

መኮሮኒ፣ ዳቦ፣ ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩት... ስንቆጥርላት እኛው አፈርን። መገጣጠሚያው ተጎድቷል አለች። ሰውነቱ ካልቀለለ ደረጃ መውጣት አይችልም። እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ። አሳንሰር የለ።

አክስቴም ነበረች፣ የእማዬ ታናሽ። እሷ ግቢ አላት፣ ደረጃ የላትም። "በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ኪሎ ካልቀነሰ እኔ እወስደዋለሁ። ለሱው ስል ነው" አለች። ሐኪሟም ደገፈቻት። ምን ልበል? ልክ ናቸው።

አባዬ የሻምበልን ጆሮ ያሻል፣ ያሻል...

ፈራሁ። አባዬ ከኔ ጋር በቀን አራት ቃል ቢያወራ ነው። ከሻምበል ጋር ሲሆን ግን ድምፁን ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ እሰማዋለሁ። አውቶብስ ሲነዳ የገጠመውን ሁሉ ይተርክለታል። ሻምበል ከሄደ ለማን ሊያወራ ነው?

ጥቅምት 7

አለቃዬ ድመቶቿን የምታበላው ጥሬ ሥጋ ነው። "ተፈጥሯቸው ነው፤ ማን ጠብሶላቸው ነበር?" ትላለች። ሐኪሟን በስልክ ጠየቅኋት። "ይቻላል፣ ግን በሥርዓት" አለች። ሥጋው መጀመሪያ የፍሪጁ በረዶ ቤት ይደር። ጉበት በጣም ትንሽ። የዶሮ አንገት ጥሬውን ይሁን፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና በፍጹም። ቢላውና መክተፊያው ለብቻ፣ እጅ በሳሙና። የለመደውንም ምግብ ቀስ በቀስ እንጂ ባንዴ እንዳትቀይሪ አለች።

አባዬ ሰምቶ ሳቀ። ስንት ጊዜው ነው ከሳቀ! "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። አለቃሽ ድመቶቿን ጅብ ብታደርግ አንቺም ሻምበልን?"

ጥቅምት 8

ሥጋ ቤት ሄድኩ። "ለስንት ሰው ነው?" አለኝ ባለ ሥጋው።

"ለሁለት።"

"እንግዶች ናቸው?"

"አንዱ ውሻ ነው፣ አንዷ ድመት።"

ቢላውን አስቀመጠ። እኔን አየ፣ ሥጋውን አየ። "እህቴ፣ ሌላ የምትመግቢው ልጅ ካስፈለገሽ እኔ አለሁ" አለኝ።

ቤት ገብቼ መከራዬን አየሁ። ጥሬ ሥጋ መንካት እጠላለሁ። የዶሮውን አንገት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆረጥኩት። ጣቴ መትረፉ ተአምር ነው። እሜቴ እያጉረመረመች በላች፣ የኔን ድርሻ የቀማች ይመስል ወንበር ስር ገብታ። ሻምበል አሸተተ... አየኝ... ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ጥቅምት 9

ቀን ቀን ሥራ ስለምውል የእንስሶቹን የምሳ ነገር ለአባዬ አስረከብኩ። "የሽፍታ ቀላቢ ሆንኩ" እያለ ተቀበለ።

ከዚያ መመዘን። ሐኪሟ "ደረጃ አታመላልሱት፣ ቤት መዝኑት" ብላለች። ሻምበል ሚዛን ላይ አይቆም፤ ስለዚህ አባዬ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ሻምበልን ታቅፎ። አባዬ ሃምሳ አራት። ሃምሳ አራት! ትከሻው ይሄን የሚያህል ሰው... ሁለቱ አብረው ሰባ ሦስት። ሻምበል አሥራ ዘጠኝ ማለት ነው።

"በየአሥር ቀኑ እንዲህ እናደርጋለን" አልኩት።

"እሱን ታቅፌ እወጣለሁ። እኔን ብቻዬን ግን ይበቃል፣ ሽንኩርት መሰልኩሽ እንዴ? የኔ ኪሎ ታውቋል።"

አልተከራከርኩትም። እውነቱን ልጻፍ? ከሃምሳ አራት በታች ሲወርድ ማየት አልፈለግሁም።

ጥቅምት 12

ሻምበል አልበላም። እሜቴ የሱንም ጨመረች።

ጥቅምት 14

አባዬ ሥራ ቦታ ደወለ። አባዬ ደውሎ አያውቅም! ስፒል በአፌ ይዤ ነበር፣ ልውጠው ትንሽ ቀረኝ።

"በላ" አለ።

"ማን?"

"ማን ይሆናል?" ዘጋው።

ማታ እንዴት እንዳበላው ብጠይቀው "ተግባባን" ብቻ። ምን ዓይነት መግባባት ነው? ብቻ እሰይ።

ጥቅምት 17

ጉበት። የኔ ጥፋት ነው፤ ሻምበል ቢወደው ጊዜ አበዛሁለት። ስለ ሳሎኑ ምንጣፍ ባልጽፍ ይሻላል።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይዞ፣ "ተፈጥሮ ማለት ይሄ ነው?" አለኝ።

ጥቅምት 20

ሁለቱ አብረው ሰባ አራት። ሃምሳ አራቱ ሲቀነስ... ሃያ። ሻምበል ጨመረ?! ሥጋ ብቻ እየበላ?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኩ ለራሴ። ወደ ኋላ ነው የሚሄደው እንዴ?

ጥቅምት 23

ጠዋት ጫማዬ ውስጥ እግሬን ስከት ቀዝቃዛ ነገር... ጮህኩ። የዶሮ ልብ! እሜቴ ለክፉ ቀን አስቀምጣው ነው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ይቺ ደግሞ ጭራሽ አልመነኮሰችም። አባዬ "ልቧን ሰጠችሽ፣ ምን ትጮሂያለሽ" ብሎ ሳቀ። ሁለተኛ ሳቁ ነው። ወይስ ሦስተኛ?

ጥቅምት 30

ሰባ አምስት። ሻምበል ሃያ አንድ!

ተናደድኩ። ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ መጥበሻው እርጥብ ነበር። አባዬ መጥበሻ አጥቦ ያውቃል? በሕይወቱ?

"ጠብሰህ እየሰጠኸው ነው አይደል?"

"ለሱ አልጠበስኩም።"

"አባዬ!"

"በእናትሽ ይሁንብኝ፣ ለሱ አልጠበስኩም አልኩሽ።"

በእማዬ ከማለ አይዋሽም። ታዲያ ማን? እሜቴ ጠብሳ መብላት ጀመረች?

"ልጄ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጆሮው ቀላ። እኔም በር አጋጭቼ ገባሁ። አሁን ቆጨኝ። መኮሮኒ ቢሰጠውስ ከፍቅር ነው። ግን ፍቅሩ ሊያሳጣው መሆኑ እንዴት አይታየውም?

ኅዳር 4

ግራ የገባ ነገር ነው። ሻምበል ዛሬ አራተኛ ፎቅ ድረስ አንዴ ብቻ አርፎ ወጣ። ፀጉሩ ያብረቀርቃል። እሜቴን ኮሪደሩን ሙሉ አሯሯጣት፤ ክብሯ ተነክቶ ቁም ሣጥን ላይ ነው ያለችው። ቀለል ያለ ይመስላል... ግን ሃያ አንድ ነው። አለቃዬ ሁሌ "ዓይን ይሳሳታል፣ ሜትር አይሳሳትም" ትላለች። ሚዛንስ ቢሆን?

አክስቴ ደወለች። እሑድ መኪና ይዛ ትመጣለች። ለአባዬ ነገርኩት። "ይሁን" አለ። ትንሽ ቆይቼ ባየው የሻምበልን ብርድ ልብስ እያጠፈ ነው። ዳር ከዳር ገጥሞ፣ እንደገና ዘርግቶ፣ እንደገና አጥፎ።

ማየት አቃተኝ። ወደ ጓዳ ሄጄ አለቀስኩ።

ኅዳር 8

ስፌት መኪናዬ ላይ ሳለሁ አባዬ ሱሪውን ይዞ መጣ።

"ይሄ ውኃ ሲነካው ተኮማተረ። አልቆለፍ አለኝ።"

"ይሄ ጨርቅ አይኮማተርም አባዬ።"

"እኔ ነኛ የምዋሸው!"

ሜትሬን አንስቼ ለካሁት። የሱሪው ወገብ ያው እኔ ያጠበብኩት ነው። ዝንፍ አላለም። ሁለተኛ ለካሁ። ያው። ሜትሩን እንደያዝኩ ቀና ብዬ አየሁት። ጉንጩን። አንገቱን። ሸሚዙ ሆዱ ላይ...

"አባዬ፣ ሚዛኑ ላይ ውጣ።"

"አሁን ደሞ..."

"ብቻህን ውጣ!"

ወጣ። ሃምሳ ስምንት።

ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። በየጊዜው የድሮውን ሃምሳ አራት እየቀነስኩ! ሻምበልን አስታቅፌ ደግሜ መዘንኩት፣ አሁንም ሰባ አምስት፤ ስለዚህ ሻምበል... አሥራ ሰባት! ሁለት ኪሎ ቀንሷል! አራቱን የጨመረው ሌላ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ልኬት ሙያዬ ነው እላለሁ... አለቃዬ ብትሰማ ከነሜትሬ ታባርረኝ ነበር።

"ምንድነው የምትበላው?" አልኩት፣ እንደ ሐኪሟ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ነገረኝ። ሻምበል የአባዬን ትራፊ ይልሳል እንጂ፣ ከራሱ ሳህን ብቻውን አልበላም ብሎ ነው። እማዬ እግሩ ስር ሳህኑን አስቀምጣ፣ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ነበር የምትበላው። እሷ ሳትጎርስ አይጎርስም ነበር።

"ባዶ ሳህን ይዤ ተቀመጥኩለት። እንደ ሞኝ አየኝ። ማንኪያዬን ባዶውን ወደ አፌ ሰደድኩ፤ ፊቱን አዞረ። ምን ላድርግ? ከሱው ሥጋ ቆረስ አድርጌ ለራሴ ጠበስኩ። በላሁ። እሱም በላ። በነጋታውም..."

"ለምን አልነገርከኝም? ያን ያህል ስጣላህ!"

"አፍሬ ነዋ! ልጄ አልቅሳ ለምናኝ እምቢ ብዬ፣ ለውሻ እሺ አልኩ ልበልሽ?"

ቅር ይበለኝ ወይስ ደስ ይበለኝ? ሁለቱም ሆነብኝ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። በሻምበል ቀናሁ፣ እውነቴን ነው ቀናሁ። ከዚያ አባዬን አንገቱን አቀፍኩት። አንገቱ አንገት ሆኗል።

ኅዳር 9

አክስቴ ገመድና ቅርጫት ይዛ መጣች። አባዬን ብቻውን መዘንን፣ ከሻምበል ጋር መዘንን። አላመነችም። ራሷ ታቅፋው ወጣች። ከዚያ ብቻዋን ስትወጣ ቁጥሩን በእጇ ሸፈነችብን፤ ሒሳቡን በሆዷ ሠርታ "አሥራ ሰባት" አለች።

"ያንቺስ?" አለ አባዬ።

"አይመለከትህም!"

ለሐኪሟ ደወልንላት። ይቆይ፣ በዚሁ ቀጥሉ፣ ጉበት ግን አደራ አለች። አክስቴ ቅርጫቱን ባዶውን ይዛ ወረደች። ባዶውን እንኳ አይደለም፤ ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ እሜቴ ውስጡ ተገኘች።

ኅዳር 13

የአባዬን ሱሪ ለቀቅሁት። አንዱን ስፌት ብቻ። ሌላውን ለሚቀጥለው ኪሎ ትቼዋለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ እራት በጠረጴዛ ነው፣ የአባዬ ትእዛዝ። የኛ የበሰለ፣ የነሱ ጥሬ። እሜቴ ጨርሳ አፏን እየጠረገች ነው። አባዬ ሦስተኛውን ጎረሰ። ሻምበል ግን ሳህኑ ፊቱ ሆኖ ተቀምጧል። የዶሮ አንገቱን አይነካም። ምን ሆነ? አመመው? አባዬ እየበላለት አይደል?

ወደ አባዬ አይደለም የሚያየው። ወደ እኔ ነው።

"ብዕሩን አስቀምጪና ጉረሺ" አለኝ አባዬ። "ሰውዬው እየጠበቀሽ ነው።"

እሺ... አስቀመጥኩ።