በሃምሳው ያበላሁሽ በሶ

ለየሺ፣ ለልጆቼ እናት፤

አፈር ከለበስሽ አራተኛ ዓመትሽ መጣ። ጤናሽን አልጠይቅም፤ ካለሽበት ሕመም የለም ይላሉ። ይኸን የሚጽፍልኝ ልጃችን ደሳለኝ ነው። ያልሁትን ይጻፍ፣ የራሱን ይጨምር፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በምን ያውቃል? መልሰህ አንብብልኝ እያልሁ አደከምሁት።

ቤቱን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። ዝናብ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል፤ ብትኖሪ ሣሩን መልሱ ትዪ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጭንሽ ላይ ያበጠው ነቀርሳ ነው ሲሉን፣ ደሳለኝ በሚያስጎበኘው ፈረንጅ በኩል ህንድ አገር ወሰደን። ሁለት ዓይነት ፎቶ ባንዴ የሚያነሣ ማሽን አለ ተባለ፤ አንዱ ሥጋና አጥንትሽን፣ ሌላው በሽታው የተደበቀበትን ሊያሳይ። እኔ አላመንሁም። መድኃኒት ስለምትወጊ ከማለዳ ጀምሮ እህል እንዳትቀምሺ አሉ። በሃምሳው! ጌታ ተነሥቶ ቄሱ እንኳ በማይጾሙበት! ሃይማኖታችንን ሊያስክዱን ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ደምሽን ዓይተው ጠብቁ ብለው ሲወጡ፣ ደሳለኝም ለወረቀት ሲሄድ፣ ከአገራችን ከብልባላ የያዝሁትን በማር የታሸ በሶ ከጉያዬ አወጣሁ። ተው፣ ከልክለውኛል አልሽኝ። ባልሽ ማን ነው፣ እኔ ወይስ ህንዱ? አልሁሽ። ሳቅሽና ጎረስሽ። በልተሻል ወይ ብለው ሲጠይቁሽ ግን ዓይን ዓይኔን እያየሽ አልበላሁም አልሽ።

ፎቶው ተበላሸ። ሐኪሞቹ፣ ሥጋዋ ሁሉ በፎቶው ላይ አበራ፣ በሽታው የት እንደደረሰ አልለይ አለን፣ ሳናውቅ አንቆርጥም፣ ከቀናት በኋላ ይደገም አሉ። ሊሞክሩብሽ ነው ብዬ እጅሽን ይዤ አገሬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በለቅሶሽም በሰንበቴውም፣ እናቱን ለማሽን አሳልፎ የሰጠ እያልሁ ደሳለኝን አሳጣሁት።

ዘንድሮ ለፋሲካ የጎረቤታችን ልጅ፣ ሐኪሙ፣ ከአዲስ አበባ መጣ። ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅሁት። የሚወጋው ነገር እንደ ስኳር ያለ ነው፤ ነቀርሳው እሱን ሲሻማ ያበራል፤ ሰው ጣፋጭ ከበላ ግን ጡንቻው ሁሉ ይሻማና በሽታው ይሸሸጋል አለኝ። ቢደገም ትድን ነበር አላለኝም፤ ቢልም አላምነውም።

አሁን የምጠረጥረው አንቺን ነው። የሺዬ፣ እንደሚያበላሽ እያወቅሽ ነው የጎረስሽው? እንቢ ብትዪኝ በሰው አገር እንዳላፍር ብለሽ?

ደሳለኝ ይኸን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። ጻፍ አልሁት፣ እንዳለ ጻፍ።

በሙት ዓመትሽ፣ ደሳለኝን ሳሳጣው የሰማኝ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ፣ ያበላኋት እኔ ነኝ እላለሁ። ነፍሴ እስካለች በየዓመቱ ስምሽ ሲነሣ እለዋለሁ፤ አልረሳሽም። ለልጄ ግን ይቅርታ ከአፌ አልወጣም አለኝ። አሁን ጎንበስ ብሎ እየጻፈ ነው፤ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌያለሁ።

ባልሽ አበራ