ሐኪም ሲያማርጥ ለከረመው ባሌ

ውድ አቴክ፣

ገበያው ውስጥ አንተ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ልጃችን ዪጁን ቆማለች። ሰው ሁሉ ዘይቱኑን እየጨመቀ መልሶ ያስቀምጥባታል፤ እሷ እንዳንተ አትሳደብም። አንተ ብትኖር "የልጅሽ ጉንጭ መሰለሽ እንዴ፣ ሴትዮ!" ብለህ ገበያውን ታስቀው ነበር።

እንዲህ ስትል የኖርክ ሰውዬ ሐኪም ስትመርጥ ግን ከእነሱ ሁሉ ብሰህ ተገኘህ!

ጉበትህ ላይ እብጠት አለ ሲባል በማግስቱ ሆስፒታል የምትተኛ መስሎኝ ልብስህን አጣጥፌ ነበር። አንተ እቴ! የመጀመሪያው ሐኪም ጋ፣ ከታች መድኃኒት አምጪ ብለህ ላክኸኝ፤ ስመለስ በሩ ላይ ቆመሃል። "ይሄ አይሆንም" አልክ። "ለምን?" ስልህ፣ "ኮምፒውተሩን እንጂ ሰው አያይም።" ሁለተኛውን ቶሎ ቶሎ ይናገራል ብለህ ተውከው። የደም ሥር እየዳሰሰ የሚያክመውን ሽማግሌ ወደድከው፣ ግን "አርጅቷል፤ ብዙ ዓመት አይቆይም" አልክ። ብዙ ዓመት ምን ሊያደርግልህ እንደሆነ አልጠየቅኩህም።

የትም ስንሄድ እኔን ሐኪሙ ፊት ታስቀምጠኝና አንተ ከኋላ ትቆማለህ። "ለሚስቴ ያስረዷት" ትላለህ። እኔ እንደ ልማዴ እሺ እሺ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ አንድ ቃል አይገባኝም። ከዚያ ወደ መድኃኒት አምላክ ቤተ መቅደስ። ይህ ሐኪም ይሁን ወይ ብለህ ሁለቱን የግማሽ ጨረቃ እንጨቶች ትጥላለህ፤ አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ እሺ ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ጎን ሲወድቁብህ "አየሽ፣ አምላኩም አልወደደውም" ትለኛለህ።

ዓይንህ ቢጫ ሆነ። ሱሪህ ወገብህ ላይ አልቆም አለህ። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ መንገድ ላይ ጮኽኩብህ። "ሐኪም ነው ሚስት የምትመርጠው? እኔን እንኳ ስታገባ እንዲህ አላማረጥክም!"

"አንቺንማ አንዴ አይቼ ጨረስኩ" አልከኝ።

ከገበያው ጥግ ያለችው ዶክተር ጓን ጋ የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? ድምፅዋ የጎረነነ፣ ገና ልጅ። አስረዳችኝ፤ ነቀነቅኩ። ብዕሯን አስቀምጣ "እማማ፣ ራስዎን ነቀነቁ፤ ጥሩ። እስቲ አሁን ያልኩትን መልሰው ይንገሩኝ" አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ። አንተ ግን ከኋላዬ ነርሷ በሩን ከፍታ እስክታይህ ድረስ ሳቅክ። ከታመምክ ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም።

ቤተ መቅደሱ ውስጥ እንጨቱ እምቢ አለ። አንስተህ ጣልክ፤ እምቢ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጥል እሺ አለ።

"አምላክ ይጨቀጨቃል እንዴ? አታፍርም?"

"መጀመሪያ አልሰማኝም ነበር" አልክ።

ከዚያ በኋላ የትም አልዞርንም። ዘይቱኑ ተለቅሞ ሳያልቅ አንተ ሄድክ።

ባለፈው ሳምንት ዪጁን መሳቢያዬን ከፍታ፣ ከድሮ ጀምሮ ሐኪሞች ለደካማ ልቤ ያዘዙልኝንና ያልዋጥኩትን ክኒን አገኘችና እየጎተተች ጓን ጋ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ደረቴን አዳምጣ ስትጨርስ እጄን ያዘች። "እማማ፣ ጋሽ አቴክ ከሞትኩ በኋላ ንገሪያት ብለውኝ ነበር" አለች። እሷ ጋ በሄድን ቀን እኔን እንደገና መድኃኒት አምጪ ብለህ ልከኸኝ የነገርካትን ነገረችኝ። "የኔ ነገር አብቅቷል፤ የመጀመሪያው ሐኪም ነግሮኛል። ሐኪም የምፈልገው ለሷ ነው። ልቧ ደካማ ነው፤ እሺ ትላለች እንጂ አትጠይቅም። እስካሁን የምጠይቅላት እኔ ነኝ። ከኔ በኋላ ማን ይጠይቅላታል?"

አቴክ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ደረጃ በዚያ ባበጠ ሆድህ የወጣኸው ለኔ ነው? ተናድጄብሃለሁ፣ አልዋሽህም። ብትነግረኝ ኖሮ እቤታችን ቁጭ ብለን የዓሣ ገንፎአችንን እንበላ ነበር። የቀረችንን ጊዜ በወረፋ አስጨረስከኝ። አጠገቤ እየሞትክ እኔ ስለ ነገ ሐኪም ካንተ ጋር ስነታረክ ነበር። አንጀቴን በላኸው።

አሁን ስማኝ። ነጩ ክኒን ጠዋት ከምግብ በፊት፣ ሮዙ ማታ። እግሬ ካበጠ ወይም ስተኛ ትንፋሽ ካጠረኝ ያንኑ ቀን እሄዳለሁ፤ ነገ አልልም። ይኸው፣ መልሼ ነገርኩህ። አልነቀነቅኩም።

ይህን ወረቀት ነገ ፎቶህ ፊት አቃጥለዋለሁ። ከዚያ እንጨቶቹን ጥዬ ደርሶህ እንደሆነ እጠይቅሃለሁ። አልደረሰኝም ካልክ እሺ እስክትል ደግሜ እጥላለሁ። ምን ያስቸኩለኛል? ዶክተሯ ገና ብዙ ዓመት አለዎት ብላኛለች፤ ያለ አንተ ምን እንደማደርግበት ግን እሷም አላወቀችም።

አንዴ አይተህ የጨረስካት፣
ሊየን