ነገ ቤታችን ሰው ይበላል

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለህ ፊደል ስለማትቆጥር መልእክቴን ሁሉ በሰው አፍ ነበር የምልክልህ። የዛሬው ግን ለሰው አፍ የሚሰጥ ስላልሆነ ወረቀት አነሣሁ። ፈርቻለሁ አባዬ። አትጠገብ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነገ ከቡሬ ትመጣለች። ምሳ እበላለሁ ብላለች፤ እኛ ቤት።

ይህን ብትሰማ ከመቀመጫህ ትነሣ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ በዕድሜዬ ከዘመድ በቀር ቤታችን ገብቶ የበላ ሰው አላየሁም። ማረሻ የሚያሠራው ሁሉ ደጅ ቆሞ አሠርቶ፣ ውሃ ሲጠማው ወንዝ ወርዶ ጠጥቶ ነው የሚሄደው። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ሁለት ጊዜ ለቀለቀችው። በገዛ እጇ ከሸክላ የሠራችውን ድስት ትታ ከጎረቤት ብረት ድስት ልትዋስ ተነሥታ ነበር፤ የሚያውሳት እንደሌለ ትዝ ሲላት ከበሩ ተመለሰች። ከዚያ ለራሷ «ነገ ቤታችን ሰው ይበላል» ብላ አጉተመተመች። ቅኔ ልትቀኝ አስባ አይደለም፤ ሁለተኛው ትርጉም ግን ለሁለታችንም እኩል ተሰማን። መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ እሷ ወደ ልቅለቃዋ ተመለሰች።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ወናፍህን አይጥ በልቶታል፤ ብረት የምትቀጠቅጥበት መስፍህ ግን እንደቆመ ነው፤ አሁንም እሱን ተደግፌ ነው የምጽፍልህ። ወንድሜ ጌትነት ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ይነዳል፤ ከመናኸሪያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል መናኸሪያ ሲል ይውላል። የባጃጅ ሹፌርን ዘሩን የሚጠይቀው የለም፤ ቶሎ ንዳው እንጂ። አስፋልቱ ዳር አንድ ብየዳ ቤት ተከፍቷል። በያጁ ልጅ ቀኑን ሙሉ ብረትና እሳት ሲያገናኝ ይውላል፤ አንድም ሰው ክፉ ስም አልሰጠውም። ጥቁር መነጽር ስለሚያደርግ ዓይኑ ስለማይታይ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከቡሬ በኩል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ምሳሩን ተሸክሞ መጣ። መሞትህን አልሰማም ነበር። ስንነግረው ምሳሩን ደረቱ ላይ አቅፎ «ወይኔ! እሳቸው የሠሩት ስንት ዘመን ዝግባ ስፈልጥበት አልታጠፈብኝም ነበር» እያለ አለቀሰ። ከልቡ ነው ያለቀሰው። ግን ዝናቡ እየወረደበት እንኳ ከደጃፉ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልገባም።

የትምህርት ክፍሌን ሳታውቅ ነው የሄድኸው። ማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ይባላል። ብረት፣ ሸክላ፣ ፕላስቲክ ለምን እንደሚጠነክር፣ ለምን እንደሚሰበር የሚጠናበት ነው። ያንተንና የእማዬን ሥራ አምስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ ልማር ማለት ነው። ወድጄ አይምሰልህ። ምርጫ ስንሞላ ከሁሉም መጨረሻ የጻፍሁት እሱን ነበር፤ እንኳን ልማረው ብረት የሚል ቃል አጠገቤ እንዲነሣ አልፈልግም ነበር። የደረሰኝ እሱ ሆነ። ዝርዝሩ ተለጥፎ ሳለቅስ ልጆቹ ሲቪል ስላልደረሰኝ መሰላቸው። እኔ ያለቀስሁት ሸሽቼ ሸሽቼ እዚያው ደጅህ ላይ በመውደቄ ነው።

ምን እንደምፈራ ታውቀዋለህ። የቀበሌው ሰብሳቢ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ ሊለን የመጣ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ባለ እጆች የልማት አርበኞች ናቸው፣ የድሮው ንቀት ተቀብሯል እያለ ግማሽ ሰዓት አወራ። እማዬ ጠላ ስታቀርብለት ግን ጾም ነው አለ። ማክሰኞ ነበር፤ ያውም በበዓለ ሃምሳ። አንተ ጠላውን ራስህ ጠጣህለት። ያን ቀን አንተ ስቀሃል፤ እኔ ግን በሕግ የተሻረ ነገር በአፍ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ይቅር በለኝ። ከቀብርህ ተመልሼ ዶርም ስገባ ልጆቹ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው እንደ ወጉ አስተዛዘኑኝ። አትጠገብ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እጄን ይዛ፣ አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር አለችኝ። ገበሬ ነበሩ አልሁ። ምን ያርሱ ነበር ስትለኝ ጤፍና በርበሬ አልሁ። ጥማድ በሬ ሰጠሁህ፣ ከወንዙ ዳር ለም መሬት ሰጠሁህ። በሕይወትህ አንድ ጥማድ መሬት ያልደረሰህን ሰው ከሞትህ በኋላ በውሸት ባለ ርስት አደረግሁህ። አንተን የቀበሩህ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሥራህን የቀበርሁት ግን እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ መምህራችን አንድ ብረት አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረ። ከዚያ በመዶሻ መታ ሲያደርገው እንደ ገል ተሰበረ። ምን እናድርገው ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ድምፅህን ሰማሁት። «የተነከረ ብረት ቁጡ ነው፤ እንደገና አሙቂና ቁጣውን አብርጂለት። ብረቱን ሳይሆን መልኩን እዪ» ትለኝ የነበረውን። ወናፍ ስነፋልህ ጫፉን በሞረድ ፍቀህ መልኩ ሲለዋወጥ ታሳየኝ ነበር፤ መጀመሪያ የገለባ መልክ፣ ቀጥሎ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ በመጨረሻ የተልባ አበባ። ማጭድ በገለባው ይወጣል፣ ምሳር በሽንኩርቱ። አፌ አምልጦኝ ቅደም ተከተሉን ተናገርሁ። መምህሩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመልክ ሠንጠረዥ አየ፣ መልሶ እኔን አየ። አንድም አልሳትኸውም አባዬ፤ የሙቀቱን ዲግሪ ብቻ ነው ያላወቅኸው። ከየት ተማርሽው አለኝ። ከመጽሐፍ አልሁት። መጽሐፉ ፊደል የማይቆጥር ሰው እንደነበር አልነገርሁትም።

አንተ ዓይንህን ሙሉ በሙሉ የምትገልጠው ብረቱ ላይ ብቻ ነበር። ገበያ ስንወጣ መሬት መሬት ታያለህ። ሕፃን ያዘለች ሴት ስትመጣ ጋቢህን እስከ ቅንድብህ ትስበዋለህ። የጎረቤት ላም የወለደች ሰሞን ዙሪያ ጥምጥም በሌላ መንገድ ትሄድ ነበር። ሰው እንዳይጠረጥርህ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ያስፈራኛል፤ አንተ ራስህ ታምነው ነበር? እንዲህ ዓይኑን ደፍቶ የኖረ ሰው ልጁን ለምን ይታይሽ ብሎ ሰየመ? ሳልጠይቅህ ሄድህብኝ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ የሆነውን ልንገርህ። አትጠገብ ቅዳሜ ከሰዓት ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነው። እንዴት ያምራል! አልሁና ዝም አልሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዓይን ያውጣሽ ብሎ ይጨርሰዋል። እኛ ቤት ግን ዓይን የሚል ቃል ስለማይነሣ ምርቃቱ አፌ ላይ የለም። አጠገባችን የነበረችው ማስተዋል፣ ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣችው ልጅ፣ ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ትንሽ ወንድሟ ሞቶባታል፤ ቡዳ በልቶት ነው ብለው ነው ያሳደጓት።

በነጋታው አትጠገብ ትኩሳት ያዛት። ሆዷን ጨብጣ ትጮሃለች፣ ያለ ትርጉም ትለፈልፋለች። ማስተዋል በርና መስኮቱን ዘጋች። ከአገር ቤት ተቋጥሮ የተላከላትን ሥር በሳልሳ ቆርቆሮ ውስጥ አጨሰችና አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። የአገሩን ወግ ታውቀዋለህ፤ የበላው በታማሚው አፍ ስሙን ይናገራል፤ ከልብሱ ክር ተቆርጦ ሲጨስ ደግሞ ይለቃል። ማስተዋል «ማነህ? ከየት አገኘሃት? ተናገር!» ትላለች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አባዬ፣ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ጭስ ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ግን በልቤ የማስበው ስለ ጭሱ አልነበረም። ሳላውቀው በልቻት ይሆን? ነበር የምለው። ትናንት ያየኋት ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነበር ወይስ ምኞት? እያልሁ የገዛ ዓይኔን እመረምር ነበር።

«ይታይሽ» አለች አትጠገብ።

ደግማ «ይታይሽ» አለች። ከክፍሉ ሁሉ የቅርብ ጓደኛዋ እኔ ስለሆንሁ እጄን ፈልጋ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። ያን ጊዜ ግን ስሜ ከአፏ ሲወጣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማስተዋል ቀስ ብላ የማን ልጅ ነሽ አለችኝ። በሩ ከኋላዬ ነው፤ ከፍቼ ብወጣ ማንም አይዘኝም። አትጠገብ ግን ጭሱ አንቋት ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነበር።

እንዴት ወደ መስኮቱ እንደደረስሁ አላውቅም። ከፈትሁት፣ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ደፋሁበት። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ አልሁ። ከቀሚሴ የፈለጋችሁትን ቁረጡ፣ አጭሱላት፤ መጀመሪያ ግን አንሡልኝና ክሊኒክ እንውሰዳት አልኋቸው። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ማስተዋል በእውነት ምላጭ አምጥታ ከቀሚሴ ጠርዝ ክር ቆረጠች። ከዚያ አራት ሆነን ተሸከምናት።

ታይፎይድ ነው አሉን። ጉሉኮስ ተደረገላት፣ መድኃኒት ተሰጣት። ማስተዋል ግን ክሩን ደብቃ ይዛው መጥታ ኖሮ ከክሊኒኩ አጥር ጀርባ አጨሰችው። በሦስተኛው ቀን አትጠገብ ተነሥታ ተቀመጠች። ግማሹ ዶርም ያዳናት መድኃኒቱ ነው ይላል፣ ግማሹ ክሩ ነው። አያስቅም አባዬ? እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ቀን ቀን መድኃኒቱ ነው እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ክሩስ ቢሆን? የሚል ነገር ከውስጤ ይነሣል። ማን እንደተከለው አላውቅም፤ ምናልባት ወደ መሬት የሚያየው ዓይንህ ይሆናል። ተቀየምሽኝ እንዳትለኝ፤ ግን ትንሽ ተቀይሜሃለሁ።

አትጠገብ አልጠላችኝም። አብራኝ ትበላለች፣ አብራኝ ታጠናለች። ብቻ ስትተኛ ፊቷን እስከ ግንባሯ በብርድ ልብስ ትሸፍናለች፤ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እንደማያት ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። ሰኔ መጨረሻ ዕቃችንን ስናስር እንዲህ አለችኝ፦ «ይታይሽዬ፣ እኔ እወድሻለሁ፣ እፈራሻለሁም። እናትሽ ቤት መጥቼ ካልበላሁ ይህ ፍርሃት አይለቀኝም።» እሺ አልኋት።

እማዬ ትናንት ማታ ለምናኝ ነበር፤ «ተይ ልጄ፣ ተይ፣ ምክንያት ፈልገሽ አስቀሪያት። ብትታመምስ? ከዚህ በልታ ሄዳ ራሷን እንኳ ቢያማት እኛን ነው የሚሉን» እያለች። እውነቷን ነው። ክረምት ነው፣ ወንዙ ደፍርሷል፣ ወባም ገብቷል፤ ሰው ለመታመም የኛን ቤት አይጠብቅም። አትጠገብ ግን ከታመመች መድኃኒቱም የምህንድስና ትምህርቴም አያድነኝም። የበለጠ የማፍርበትን ልንገርህ? የሰው አፍ ብቻ አይደለም የሚያስፈራኝ። ብትታመም እኔም ማመኔን ነው የምፈራው።

ቢሆንም አላስቀራትም። ወጡን እማዬ በራሷ ድስት ትሠራለች፤ እኔ ነኝ ያልሁት። ውሃውን አፍልቼ አቀዝቅዤያለሁ፣ እጃችንን በሳሙና ሦስቴ እንታጠባለን፤ በምችለው ሁሉ እጠብቃታለሁ። የቀረውን አላውቅም።

አልረሳህም ብዬ ቃል መግባት ቀላል ነበር። ግን እኔ ረስቼህ አላውቅም፤ የካድሁህ ነው። ስለዚህ የምገባልህ ቃል አልክድህም የሚል ነው። ነገ ማዕድ ሲቀርብ፣ እጅ ከመታጠባችን በፊት፣ ያን ቀን እሷ በትኩሳት ውስጥ ሳለች ለዶርሙ የተናገርሁትን ፊት ለፊት እደግምላታለሁ፤ ጤፍና በርበሬ ያረሰ ሰው እንዳልነበርህ እነግራታለሁ። የቀጥቃጩ የምናለ ልጅ ነኝ፣ የምማረውን ቀድሞ ያስተማረኝ እሱ ነው እላታለሁ። ያን ሰምታ ብትነሣና ብትሄድም እላታለሁ። በልታ ብትታመምም፣ ቡሬ ድረስ ስሜ ቢነሣም፣ ይህን ቃል አልመልሰውም።

አንተ ግን አባዬ፣ እግዚአብሔር ፊት የመቆም ዕድል ካገኘህ ለእኔ ምንም አትለምንልኝ። ነገ ማታ ደኅና እንድታድር ለአትጠገብ ለምንላት።

ልጅህ ይታይሽ