ጠላ ስለሌለው የሐሙስ ማኅበራችን

ወረታ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ግራዝማች አዛናው፣ ለአጥቢያችን ዳኛ
ግልባጭ፦ በገበያ ቀን ለሚሰበሰብ ሕዝብ ሁሉ

የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ የከብትዎንም ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ዘንድሮ የፎገራ ውኃ የስንቱን ደጅ ሲያጥለቀልቅ ከእርስዎ ደጅ ሲደርስ እጅ ነስቶ መመለሱን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ ለካ ውኃም ሹም ያውቃል። እኔም ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ትንሽ ነገር ነው። ከችሎትዎ ደጅ ያለው የባለጉዳይ አግዳሚ ሚስማር አውጥቶ ሱሪዬን ቀዶታል። ሦስት ሳምንት ስመላለስ ከችሎቱ ያገኘሁት የሚጨበጥ ምላሽ እሱ ብቻ ስለሆነ ግን ብዙ አላማርርም።

ያመላለሰኝ የእህቴ ልጅ የአለኸኝ ጉዳይ ነው። ያውቁታል፤ የእርሻ በሬውን በአረቄ የጠጣው፣ ሚስቱ እማዋይሽ ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት የገባችበት። ያልሞከርነው የለም። ወንዛዬ ወስደን ሰባት ቀን ፍል ውኃ ውስጥ ነከርነው፤ ገላው እንደ ሕፃን ጠርቶ ሲመለስ ጥማቱ ከመንገድ ዳር ጠበቀው። ጣራ ገዳም ወስደን አስገዘትነው፤ ግዝቱን ፈርቶ አንድ ወር ቆየና ፍርሃቱ እንዲለቀው ጠጣ። እኔም መካሪ አጎት ነኝና እየመከርኩ አሰለቸሁት። ለብቻው የተቀመጠ ሰው ምክርም ግዝትም እንደማይበቃው የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በመጨረሻ ብረት ሠሪውን አበረን አገኘነው። አበረ አረቄ ከተወ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እንደሱው መጠጥ የጣላቸውን አራት ሰዎች ቤቱ ይሰበስባል። እንደማንኛውም ማኅበር ጽዋ አላቸው፤ ጽዋው ውስጥ ያለው ግን ውኃ ነው። ጽዋው እጁ የደረሰ ሁሉ ሳምንቱን እንዴት እንዳለፈ ሳይዋሽ ይናገራል። የወደቀ አይባረርም፤ ጽዋውን ተሸክሞ ይሄድና ለሚቀጥለው ሐሙስ ተረኛ እሱ ይሆናል፣ ሁሉም ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። አለኸኝ መጀመሪያ ቀን «አያ፣ ከዚህ ሁሉ ሰካራም መሐል ምን ልትሠራኝ አመጣኸኝ?» ብሎ ተቆጣኝ። ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው፤ ጠብታ አልቀመሰም። እማዋይሽም ትንሹን ልጅ ልካ አይታዋለች።

ክቡርነትዎም ይህን ማኅበር ዘጉት። ስለ ውሳኔዎ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ የቅዱስ ስም የሌለው ማኅበር አይቆምም ብለዋል። ስለ ሃይማኖታችን ማሰብዎን አመሰግናለሁ። እኛ ግን ቅዱሳኑን በስማቸው ሰክረን ለዓመታት ስላስቸገርናቸው ትንሽ ይረፉ ብለን ነው።

፪ኛ/ ጭቃ ሹም አንለይን ልከው አስጠበቁን። ሰውየው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ «ስድስት ጎልማሶች ውኃ እየጠጡ እውነት ሲነጋገሩ ዋሉ» ብሎ በታማኝነት አመለከተ። ክቡርነትዎም ደነገጡ። ጠላ ሳይኖር ወንድ የሚሰበሰበው ለሤራ እንጂ ለምን ይሆናል? ስለዚህ አንድ ጋን ጠላ ከመሐል ከተቀመጠ እንደሚፈቅዱልን፣ ካልተቀመጠ ግን እንደማይፈቅዱ ወሰኑ። አርባ ዓመት ኖሬ ስካር የሰላማዊነት ማስረጃ መሆኑን ያወቅሁት ከችሎትዎ ነው።

፫ኛ/ ጨዋ ሰው ብረት ሠሪ ቤት አይውልም ብለዋል። እውነት ነው። ጨዋው ሁሉ ማረሻውን ይልካል እንጂ ራሱ አይሄድም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከአለኸኝ ጋር ስንደርስ የአበረ በር በእርስዎ ትእዛዝ በእሾህ ታጥሯል። አበረ ከእሾሁ ማዶ ቆሞ «አይዞህ፣ ነገ እኔው ቤትህ እመጣለሁ» አለው። አለኸኝ ፊቱን አዙሮ ወደ ከተማው ሄደ። ይህ ጉልበት ከኋላው ሮጦ አይደርስበትም፤ ተጣራሁ፣ አልሰማኝም ወይም ሰምቶኛል። እኔም ቤቴ ገብቼ ብዕር አነሳሁ፤ ሌላ የማውቀው የለኝም። ክቡር ሆይ፣ ደከመኝ። አርባ አንድ ቀን ለእርስዎ መዝገብ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለዚያ ልጅ ግን

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በር ተንኳኳ።

አረቄ ቸርቻሪዋ ጸሐይነሽ ናት። እሷ ወደዚህ ቤት ትመጣለች ብዬ ጨርሶ አልጠበቅሁም። የአለኸኝን ክንድ ይዛ ቆማለች። «አያ የሻው፣ ቅጂልኝ ብሎ ደጄ ላይ ቆመ። አልቋል ብዬ ዋሸሁት። ጠርሙሱን እያየ አልሄድም ቢለኝ እየጎተትኩ አመጣሁልዎ» አለች። አፉን አሸተትኩ፤ ነውር ቢሆንም የአጎት ሥራ ነው። አልጠጣም። አሁን ከአጠገቤ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል።

ስለ ደግነትዎ፣ ስለ ጥበቃዎና ስለ እሾሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ እስከምችለው ድረስ፣ እጅ የምነሳ

የሻው ማናዬ

ተጨማሪ፦ ጸሐይነሽ ጠርሙሶቿን ጓዳ ቆልፋ ሐሙስ ሐሙስ ቤቷን ልትሰጠን ተስማምታለች። አዲስ ፈቃድ በመጠየቅ አላደክምዎትም፤ ወንዶች እንዲሰበሰቡበት ማኅተምዎን ያሳረፉበት የመሸታ ቤት ፈቃድ ከግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል፣ አንብቤዋለሁ። ስለ ምን እንደሚሰበሰቡ አይጠይቅም።