የአቶ ራዲቮይ ኩዝማን ጣፋጭ በቆሎ

አቶ ራዲቮይ ኩዝማን ከአባታቸው ከአቶ ኔዴልኮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳቬታ፣ ባናት በሚባለው አውራጃ ውስጥ በስታራ ባራ መንደር እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። እሳቸው እንዲማሩ ታናሽ ወንድማቸው ሚላዲን ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ እርሻ ያዘ፤ ሲያመሰግኑት ግን የሰማ የለም። በ1971 ወይዘሮ ዛጎርካን አግብተው ስሚልያን ወልደዋል። እስከ ጡረታቸው የወፍጮ ቤት መዛኝ ነበሩ።

አባታቸው ሲሞቱ ጓሮው በአጥር ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ወንድማማቾች የእናታቸውን ዘር፣ ጣፋጩን በቆሎ ዘሩ። አቶ ራዲቮይ ግን የራሳቸውን እንዳይዳቀል አስቀድመው ይዘሩና፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ለመኖ የሚሆን ጠጣር የአሳማ በቆሎ ይደረድራሉ። እሱንም የሚላዲን በቆሎ ፀጉር በሚያወጣበት ሰሞን አበባው እንዲደርስ፣ በአጥሩ አሻግረው እያዩ ነው የሚዘሩት። ነፋሱ የአበባውን ዱቄት ያሻግራል፤ የሚላዲን እሸት ጣዕም የለሽ፣ ጥርስ የሚሰብር ይሆናል። በቤተሰቡ የቅዱስ ቀን ድግስም በእንግዳ ፊት፣ "እሸትህን ለአሳማዎቼ ላክልኝ እንጂ ሚላዲን፤ እነሱ አያማርጡም" እያሉ ቤቱን ሁሉ ያስቁበት ነበር። የሚላዲን ዘር ተበላሽቶ፣ በጠርሙስ ያስቀራት አንዲት እፍኝ ብቻ ቀረች። ከእሳቸው ጥቂት ቢለምን፣ እጅህ ያበላሸዋል ብለው መለሱት።

በ2019 ጸደይ ሆዳቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ወይዘሮ ዛጎርካ የአዘራሩን ተራ አያውቁምና ጣፋጩንም የአሳማውንም በአንድ ቀን ዘሩት። ሚላዲን አጥር ላይ የሚያየው ስለሌለ የእፍኟን እኩሌታ በላስቲክ ሥር ቀድሞ ዘራ፤ እሸቱም እንደ ልጅነታቸው ጣፋጭ ሆነ።

አቶ ራዲቮይ ወደ ቤት ሲመለሱ ምግብ ሁሉ አስጠላቸው፤ የፈለጉት ቅቅል እሸት ብቻ ነበር። ከጓሯቸው ተቀቅሎ ቢቀርብላቸው ነክሰው ተፉት። ወይዘሮ ዛጎርካ ከአጥሩ ሥር ቆመው አንድ እሸት ለመኑ። ሚላዲን ቀቅሎ፣ ጨው ነስንሶ ራሱ ይዞ መጣ።

"ወንድሜ፣ አንድ ረድፍ ብቻ" አሉት ከትራሳቸው ቀና ብለው።

ሚላዲን አጠገባቸው ተቀመጠ። "ጋሼ፣ ይህኮ የአሳማ ነው፤ እርስዎ ነዎት ያሉት" ብሎ ራሱ ረድፍ በረድፍ በልቶ ጨረሰው። ቆረቆንዳውን ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጦላቸው ሄደ።

አቶ ራዲቮይ በማግስቱ፣ ነሐሴ 19 ቀን አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዛጎርካ፣ ልጃቸው ስሚልያ፣ ታናሽ ወንድማቸው ሚላዲን፣ እንዲሁም በሚላዲን ጠርሙስ የእናታቸው ዘር አሉ።

አፈሩ ይቅለላቸው። እሳቸው ወንድማቸውን የነፈጉትን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አይንፈጋት።