በአራተኛው ሩብ የወጣንበት ቀን

ሄልስታድ፣ ሚኒሶታ
እሑድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2014

ለምወድህ ልጄ ለሎረን፤

ይህ ደብዳቤ አላስካ ሲደርስ ከመርከብህ ጋር ባሕር ላይ ትሆን ወደብ ላይ አላውቅም። የትም ብትሆን ጤና ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያማርረኝ ነገር የለም። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኳቸው ሦስት መጻሕፍት ራስጌዬ ላይ ተደርድረዋል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጣ ወደ ላም በረት የገባች ሴት ይህን ሁሉ ስታነብ የሚያያት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ “ወይዘሮ ትቬት፣ መደርደሪያውን ሊጨርሱብን ነው” ይለኛል። ይህን ሲለኝ ደስ ይለኛል።

የድሮ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድንህ፣ ሽመላዎቹ፣ ትናንትም ተሸነፉ። ዘንድሮ ዘጠኝ ተጫውተው ዘጠኙንም ተሸንፈዋል። የትናንቱ 38 ለ 3 ነበር። ሦስቷን ነጥብ ስናገኝ የኮሌጁ የሙዚቃ ጓድ ዋንጫ የበላን ይመስል ጥሩንባውን አቀለጠው። እኔም ተነሥቼ አጨበጨብኩ። እውነቱን ልንገርህና፣ ቅዳሜን የመሰለ ቀን የለኝም። አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአባትህ ከሃልቮር ጋር እንቀመጥባት በነበረችው አግዳሚ ላይ፣ ብርድ ልብሴን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ እቀመጣለሁ። አባትህ ከሞተ እነሆ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሜዳችን የተደረገ አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም፤ የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋም ተነሥቼ አላውቅም።

ኤልሮይን መቼም አትረሳውም፤ በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤታችን። አሁን አጠገቤ የሚቀመጠው እሱ ነው። ከጨዋታው በፊት የፒክአፑን ኋላ ከፍቶ ቋሊማ ይጠብሳል። ትናንት ከእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች አንዱ ጎረምሳ በአጠገባችን ሲያልፍ፣

“አባባ፣ ቡድናችሁ እኮ ከቋሊማው ቀድሞ ተጠብሷል!” አለው።

“ና ብላ ባክህ፣” አለው ኤልሮይ፣ ዳቦውን እየሰነጠቀ። “ድል ተሸክማችሁ ልትሄዱ ነው፤ በባዶ ሆድ እንዴት ትችሉታላችሁ?”

ጎረምሳው አፈረ፤ አፍሮም ሁለት በላ።

የጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ሊያልቅ ሲል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። ሰዉ አንድ በአንድ ይነሣ ጀመር። የአገራችንን ልማድ ታውቀዋለህ፤ ላም ያለው ሰው በአራተኛው ሩብ ቢነሣ ማንም አይቀየመውም። ላም የኳስ ሰዓት አታውቅም፣ የመታለቢያዋን ሰዓት እንጂ። እኔና ኤልሮይ ግን ላሞቻችንን ከሸጥን ቆይተናል፤ ለመነሣት ምክንያት የለንም። ኤልሮይ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ጎተተና፣

“ሰልማ፣ እንነሣ እንዴ? እንደ ሃልቮር ‘በረደኝ’ ልበልና ልገላገል?” አለኝ እየሳቀ።

ደነገጥኩ። “ይህን ከማን ሰማህ?” አልኩት።

“ከራሱ ነዋ! ያን ቀን ላሞቻችሁን ያለበላችሁ ማን ነበር? በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ሽመላዎቹ ታምር ሠሩ፣ እኔ ያን ቀን የሃልቮር ላም ሥር ተጎንብሻለሁ።”

ያን ቀን፣ ልጄ፣ አንተም አልረሳኸውም። ኖቬምበር 14 ቀን 1987፣ በኮሌጁ ማልያ የተጫወትክበት የመጨረሻ ጨዋታ። አባትህ እስከ መጨረሻው ሊያይህ ብሎ ከሳምንት በፊት ኤልሮይን ለምኖ የእለባውን ሥራ ሰጥቶት ነበር። እኛ ግን 16 ለ 0 እየተመራን፣ አራተኛው ሩብ እንደተጀመረ ወጣን። እኛ ከወጣን በኋላ ቡድኑ ሁለት ጊዜ አግብቶ 14 ነጥብ ያዘ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት አሠልጣኙ ለባለሦስት ነጥቧ ምት አንተን አስገባህ። ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አሳልፈህ 17 ለ 16 አሸነፋችሁ። ከዚያ ቀና ብለህ አሥራ አራተኛውን ረድፍ አየህ፤ ባዶ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ምሳ ላይ መጥተህ አባትህን የጠየቅከው አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። “ላሞቹን ኤልሮይ አልቦልሃል። ታዲያ ለምን ወጣህ?” አልከው። አባትህ ሳህኑን እያየ፣ “በረደኝ” አለ። እሱ፣ የውኃ ገንዳውን በረዶ በባዶ እጁ የሚሰብር ሰው! አላመንከውም። “እኔን ማየት አፍረህ ነው” አልከው። ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼም የድንቹን ሳህን አቀበልኩህ። በጥር ወደ አላስካ ሄድክ። ከዚያ ወዲያ የመጣኸው ለቀብሩ ነው፤ እሱንም ከኋላ ቆመህ፣ በዚያው ቀን ተመለስክ።

በረዷማው ዝናብ እየወረደብን ኤልሮይ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። እኛ ከሜዳው ስንመለስ እኔ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፤ አባትህ ወደ በረቱ ሄደ። ኤልሮይ እንዲህ አለኝ፦

“ገና በሩን ሲከፍት ‘ሬዲዮውን ክፈተው፣ ክፈተው’ አለኝ። የማለቢያው ማሽን ይጮህ ስለነበር እሱንም በራሱ እጅ አጠፋው። አርባ ላም እየጮኸብን ቆመን አዳመጥን። የልጁን ስም ሲጠሩ አንዷን ላም አንገቷ ላይ ያዛት፤ የምታመልጠው ይመስል። ኳሷ ስታልፍ ‘ገባች! ገባች!’ ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ግንባሩን ላሚቱ ጎን ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እኔማ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ‘ታዲያ ምን ሆነህ ነው ትተህ የመጣኸው፣ አንተ ደንቆሮ?’ ብለው ‘በረደኝ’ አለኝ። ‘ሲያለቅስ አየሁት እንዳትል’ ብሎ አስማለኝ።”

“ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አልነገርከኝም?”

“ምያለሁ ስልሽ! ደሞ የምታውቂ መስሎኝ። ባልሽ አይደል እንዴ?”

እኔም ያን ጊዜ፣ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፍቼ እውነቱን አወጣሁት። “ኤልሮይ፣ ሃልቮር አልበረደውም። እኔ ነኝ ጎትቼ ያስወጣሁት።”

ሜዳው ላይ እንግዶቹ አንድ ተጨማሪ አገቡብን፤ ሁለታችንም አላየነውም። “ታዲያ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?” አለኝ ኤልሮይ። “እኔን ያስቀየምሽኝ ላሞቹን በከንቱ ስላሳለብሽኝ ብቻ ነው፤ እነሱም ሞተዋል። ለልጅሽ ንገሪው እንጂ።”

ይኸው እየነገርኩህ ነው።

ከዚያ ጨዋታ በፊት በነበረው ሳምንት ኳሷን ሁለት ጊዜ ስተህ ነበር፤ ሰዉ ሲሰድብህ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በዚያ ቀን ደግሞ ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ፣ “ያንን የገበሬ ልጅ መልሰው ካስገቡት ጫማዬን ነው የምወረውርበት” አለ። ሰዎች ሳቁ። እኔ ዓይኖቼን ጨፈንኩ። እንደገና ስትስትና ያ ሁሉ ሰው ሲጮህብህ ማየት አልቻልኩም። አባትህን ክንዱን ይዤ፣ “አሁኑኑ ውሰደኝ” አልኩት። “ሰልማ፣ ልጁ እኮ ገና ሊገባ ይችላል” አለኝ። “እሱን ነው የፈራሁት” አልኩት። ፊቴን አየና ተነሣ። መኪና ውስጥ ሬዲዮውን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት። ወደ በረቱ የሮጠው ለምን እንደሆነ ገና ትናንት ገባኝ።

አባትህ ታገባለህ ብሎ አምኖ ነበር። ያላመንኩህ እኔ ነኝ። ይህን መጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ፣ ጠዋት የጀመርኩት ደብዳቤ ይኸው ከሰዓት ላይ መድረሱ ይነግርሃል።

በማነባቸው መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሰው ምሥጢሩን በመጨረሻው ምዕራፍ ሲናገር፣ ገጹን ወደ ኋላ እየገለጥኩ የት ላይ መናገር ይችል እንደነበር እፈልጋለሁ። ሁልጊዜም ቦታ አገኛለሁ። የእኔ ቦታ ያ የእሑድ ምሳ ነበር። ከዚያም በኋላ በየገናው ስትደውል ነበር። ደግሞ ከቀብሩ በኋላ፣ የመኪናህን በር ይዤ ስሰናበትህ። አባትህ እስኪሞት አንድም ቀን “ንገሪው” አላለኝም፤ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እኔም ደግነቱን ተደግፌ ኖርኩ።

ና አልልህም፤ ሥራህን አውቃለሁ፤ በዚህ ወቅት ባሕሩም አያሳልፍም። ሽመላዎቹም በመጪው ቅዳሜ አሥረኛቸውን መሸነፋቸው አይቀርም፤ የሚቀርብህ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሃያ ሰባት ዓመት በአባትህ ላይ የያዝከውን ቂም ከእሱ ላይ አንሣለት። የግድ የሆነ ሰው ላይ መጣል ካለብህ እኔ ላይ ጣለው። ሃልቮር መልስ ሊሰጥህ አይችልም። እኔ ግን በሕይወት አለሁ፤ ስልኬም ያው የድሮው ቁጥር ነው። ልትጮህብኝ ብትደውልም ድምፅህን ሰምቼ ደስ ይለኛል።

አምላክ ከማዕበል ይጠብቅህ። እጅህ ከገመድ፣ እግርህ ከበረዶ ይትረፍ። የምትወደው ሰው ካለም፣ በምታሳየው ፍቅር ላይ ፍርሃት አይግባብህ።

እናትህ፣
ሰልማ ትቬት